የሒሳብ ሙያ ፈተና ጭንቀትን በቁጥር መያዝ፦ ከምዝገባ እስከ ውጤት

የሒሳብ ሙያ ፈተና የሚያመጣው ጭንቀት ከትምህርት ቤቱ ይለያል። ተማሪ ሳሉ ሥራዎ መማር ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ቀን የሌላውን ሒሳብ ሲዘጉ ውለው ማታ የራስዎን መጽሐፍ ይከፍታሉ። ጉዳዩም በአንድ ቀን አያልቅም። ኤሲሲኤ የተባለው የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር አሁን ባለው አሠራሩ 13 ፈተናዎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ማለፊያ ከ100 50 ነው። የአሜሪካው ሲፒኤ (የተመሰከረለት የሕዝብ ሒሳብ ባለሙያ ፈተና) አራት ክፍል ሲሆን እያንዳንዱ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ማለፊያውም 75 ነው። ሲኤምኤ (የማኔጅመንት ሒሳብ ባለሙያ ፈተና) ሁለት ክፍል ነው፤ ለማለፍ ከ500 ነጥብ 360 ይጠይቃል። ከእነዚህ ፈተናዎች አንዳንዶቹን በአንድ ዙር የሚያልፈው ከተፈታኙ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጨነቅዎ የድክመት ምልክት አይደለም። የያዙት ነገር በእርግጥ ከባድ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ነው። «ተረጋጋ፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ ውኃ ጠጣ» ይባላል። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ከመጨረሻ መጀመር ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የደንበኛው መዝገብ ተዘበራርቆ ሲመጣበት ዓይኑን ጨፍኖ አይተነፍስም፤ ደረሰኝ መደርደር ይጀምራል። ለራሱ ፈተና ሲሆን ግን ይህን ሙያውን ይረሳዋል። አብዛኛው የፈተና ጭንቀት ያልተቆጠረ ነገር ነው፦ ስንት ርዕስ ቀረኝ፣ ስንት ሰዓት አለኝ፣ የማላውቀው የትኛውን ነው። እዚህ ላይ የማቀርበው ቅደም ተከተል ስለዚህ ከመቁጠር ይነሣል፤ ሰውነትን ማረጋጋት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ የሚያስጨንቅዎትን ነገር ወረቀት ላይ ያውርዱት

ግማሽ ሰዓት ይመድቡ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡና ከፈተናው ጋር የተያያዘ የሚያስጨንቅዎትን ሁሉ ሳይመርጡ ይጻፉ። ሲጨርሱ ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ቃል ያስቀምጡ፦ ጥናት፣ ሥራ፣ ገንዘብ ወይም ሰው። ብዙዎች «ትምህርቱ ከበደኝ» ብለው ይጀምሩና ሲጽፉት ግማሹ የአለቃ፣ የክፍያ ወይም «ከወደቅሁ ምን ይሉኛል» የሚል ሆኖ ያገኙታል። አለቃዎ ፈቃድ ይከለክሉኛል የሚለውን ፍርሃት መጽሐፍ በማንበብ ማቃለል አይቻልም። የሚቃለለው በመነጋገር ነው። መለያየቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

«ጥናት» ያሉትን ብቻ ይዘው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሌሎቹን በደረጃ 4 እንመለስባቸዋለን።

ደረጃ 2፦ የሚያስፈልግዎትን ሰዓት ካለዎት ሰዓት ጋር ያስታርቁ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ነው። ተፈታኞች በብዛት የሚዘሉትም ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱን ማየት ያስፈራል።

በመጀመሪያ ፈተና ሰጪው ተቋም ያወጣውን የትምህርት ዝርዝር ይክፈቱ። የመጽሐፍ ማውጫ አይተካውም፤ የሚፈተኑት በዝርዝሩ ነው። እያንዳንዱን ርዕስ ከሦስቱ በአንዱ ይመድቡ፦ ያለ መጽሐፍ መሥራት የምችለው፣ መጽሐፍ እያየሁ የምሠራው፣ ገና ያልነካሁት። ምድቡን በስሜት አይወስኑ። ከየርዕሱ አንድ የቀድሞ ጥያቄ አውጥተው ይሞክሩ። የተጨነቀ ሰው ስለ ራሱ ዕውቀት የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንም፤ የሚያውቀውን «አላውቅም» ይላል፣ ያነበበውን ደግሞ «አውቃለሁ» ብሎ ያልፋል።

ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ። ፈተናው 14 ሳምንት ቀርቶታል እንበል። በሳምንት አምስት ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ደግሞ አራት ሰዓት ማጥናት ከቻሉ በሳምንት 11 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 161 ሰዓት አለዎት። ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት የወር መዝጊያዎች፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ የወር ሒሳብ የሚዘጋባቸው ሳምንታት፣ አሉ። በእነዚያ ሳምንታት ማታ ማታ እንደማያጠኑ ከልምድ ያውቁታል፤ በየሳምንቱ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 22 ሰዓት ተኩል ይቀንሱ። ለሕመም፣ ለለቅሶና ላልታሰበ እንግዳ ደግሞ አሥር በመቶ ያህል መጠባበቂያ ይያዙ። እጅዎ ላይ የሚቀረው ወደ 124 ሰዓት ነው።

አሁን የሚፈለገውን ይደምሩ። 18 ርዕሶች በአምስት ሰዓት ቢታሰቡ 90 ሰዓት፤ ለጥያቄ ልምምድ 45 ሰዓት፤ አራት ሞዴል ፈተናዎች ከነእርማታቸው አምስት አምስት ሰዓት፣ ማለትም 20። ጠቅላላው 155 ሆነ። 31 ሰዓት ጎደለ።

ሆድ ውስጥ ሲንገዋለል የነበረው ጭንቀት ይህ 31 ሰዓት ነው። ቁጥር ሲሆን መፍትሔ ይፈለግለታል። ከ18ቱ ርዕሶች አራቱን ያለ መጽሐፍ የሚሠሯቸው ከሆኑ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ 12 ሰዓት ተረፈ። ከምሳ ሰዓት ላይ በሥራ ቀናት 20 ደቂቃ ለምርጫ ጥያቄ ቢመድቡ በ14 ሳምንት ከ23 ሰዓት በላይ ይሰበሰባል። ለከባድ ርዕስ አይሆንም እንጂ ለአጫጭር ጥያቄ ከበቂ በላይ ነው። ጉድለቱ ተዘጋ፤ እሑድም አልተነካም። እሑድን ሆን ብዬ አልነካሁትም። ሳምንቱን ሙሉ የሚያጠና ሰው አምስተኛው ሳምንት ላይ መጽሐፉን መጥላት ይጀምራልና።

አንዳንድ ጊዜ ግን ቁጥሩ በምንም መንገድ አይገጥምም። 31 ሳይሆን 90 ሰዓት ይጎድላል። ያን ጊዜ ሐቀኛው ውሳኔ ፈተናውን ወደሚቀጥለው ዙር ማሸጋገር ወይም ከሁለት ፈተና አንዱን መተው ነው። ስለዚህ ሲመዘገቡ ያለ ኪሳራ መሰረዝ ወይም ማዛወር የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን አይተው ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉ፤ ስሌቱንም ከዚያ ቀን በፊት ይጨርሱ። ሙሉ ቀን እየሠሩ ሁለት ከባድ ፈተናዎችን በአንድ ዙር መውሰድ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ። በእኔ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ ማባከን ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ የታቀደውን ከተሠራው ጋር ያነጻጽሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት ሰዓት ከጎደለ ከመጠባበቂያው ላይ ይቀንሱና ይቀጥሉ። ዕዳውን በሙሉ በሚቀጥለው ሳምንት ላይ መጫን ግን ስህተት ነው፤ ያ ሳምንትም ይወድቃል፣ ከዚያ ዕቅዱ ራሱ የጭንቀት ምንጭ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ደጋግሞ ማንበብን በመሥራት ይተኩ

ያሰመሩበትን ገጽ መልሶ ማንበብ ደስ ይላል፤ ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል። ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ብዙ ያስታወሱት ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ሆኑ። ለሙያ ፈተና የሚጠቅመው የሳምንቱ ውጤት ነው። ማንበብ ዛሬ ያረጋጋል፣ ፈተና ክፍል ውስጥ ያስደነግጣል። ራስን መፈተን ዛሬ ያበሳጫል፣ በኋላ ይክሳል።

አንድ ርዕስ አንብበው እንደጨረሱ መጽሐፉን ዘግተው ጥያቄ ይሥሩ። ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከአሥር ቀን በኋላ ይመለሱበት። የተሳሳቱትን ሁሉ በአንድ የስህተት መዝገብ ይያዙ። መዝገቡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ጥያቄው፣ እኔ የሠራሁት፣ ትክክሉ፣ የስህተቱ ምክንያት። ዋናው አራተኛው ዓምድ ነው። ለምሳሌ እናት ኩባንያው ተቀጥላውን (በሥሩ ያደረገውን ኩባንያ) የገዛው በዓመቱ አጋማሽ ሆኖ ሳለ፣ ከግዢው በኋላ ያለውን ብቻ መደመር ሲገባ የተቀጥላውን የ12 ወር ትርፍ በሙሉ ደመሩት እንበል። ምክንያቱ ሕጉን አለማወቅ ነው ወይስ የግዢውን ቀን አለማንበብ? ሕጉን ካላወቁ ወደ መጽሐፉ ይመለሱ። ቀኑን ካላነበቡ ግን መጽሐፍ መድገም ምንም አይፈይድም፤ መድኃኒቱ ጥያቄ ሲጀምሩ ቀኖችን ሁሉ ማስመር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መዝገቡን ሲያገላብጡ «ምንም አልገባኝም» ያሉት ነገር ተደጋጋሚ የሆኑ አምስት ስድስት ስህተቶች ሆኖ ያገኙታል።

ደረጃ 4፦ ሰዎችን በጊዜ ያነጋግሩ

የፈተና ፈቃድ የሚጠየቀው ፈተናው ሲደርስ አይደለም፤ የተመዘገቡ ዕለት ነው። ለአለቃዎ ቀኑን፣ የሚፈልጉትን የዕረፍት ቀን ብዛትና ሥራዎን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያቅርቡ። ሸፋኙን ራስዎ ካሰቡበት «አይቻልም» የሚል መልስ ይከብዳል። ክፍያውን መሥሪያ ቤትዎ የሚሸፍንልዎ ከሆነ ደግሞ ቢወድቁ ምን እንደሚሆን አሁኑኑ ጠይቀው ይወቁ፤ በግምት ሲታሰብ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይከፋል።

ቤት ውስጥ «እያጠናሁ ነው» ማለት ማንንም አይረዳም። «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ ሁለት እስከ ሦስት ተኩል አልገኝም፤ እሑድ ሙሉ ቀን ከእናንተ ጋር ነኝ» ቢባል ግን ትንሽ ልጅ እንኳ ይረዳዋል። የገቡትን ቃል እርስዎም ይጠብቁት።

ስለ ጥናት ጓዶች አንድ ነገር ልበል። ጥያቄ አብሮ የሚሠራ ጓደኛ ትልቅ ሀብት ነው። «እኔ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት» የሚባባሉበት የስልክ ቡድን ግን ከእውቀቱ ጭንቀቱ ይበዛል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ድምፁን ይዝጉት።

ደረጃ 5፦ እንቅልፍ፣ ቡና፣ እግር

ያጠኑት ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ የተወሰደ የጥናት ሰዓት በነጻ የተገኘ አይደለም፤ ቀን ያጠኑትን ይቆርጣል። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ቡና ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥዎ ነው ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ማቆም ይሻላል።

አልጋ ላይ ሐሳብ የሚያንገላታዎት ከሆነ ከመተኛትዎ በፊት አምስት ደቂቃ የነገውን ሥራ ዝርዝር ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የእንቅልፍ ጥናት እንዳሳየው የነገ ሥራቸውን የጻፉት ሰዎች፣ ያጠናቀቁትን ሥራ ከጻፉት ይልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዝርዝሩ በጠራ ቁጥር ውጤቱም የተሻለ ነበር። «ታክስ ማጥናት» አይበቃም፤ «የታክስ ምዕራፍ 7፣ ጥያቄ 3 እና 4» ብለው ይጻፉ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድም ይበቃል፤ የስፖርት ዕቅድ ጨምሮ ሌላ ዕዳ መሸከም አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ለሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ደረት እየተጫነ ከተደጋገመ፣ ይልቁንም በሕይወት መቆየት የማይጠቅም መስሎ ከታየ ነገሩ ከጥናት ዕቅድ በላይ ነውና ፈጥነው ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። ለሚቀርብዎ ሰውም በዚያው ቀን ይንገሩ። ፈተናው ሊዘዋወር ይችላል።

ደረጃ 6፦ ገጹ አልገባ ሲል

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ አንብበዋል፤ ምንም አልቀረም። ልብ ይመታል፣ «እንዲህ ሆኜ እንዴት አልፋለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አምስተኛ ጊዜ አያንብቡት። ተነሥተው ይቁሙ። በአፍንጫዎ አራት እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ ስድስት እየቆጠሩ ወደ ውጭ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይተንፍሱ። ወደ ውጭ የሚወጣው ከሚገባው መርዘሙ የልብ ምትን ያቀዘቅዛል። ከዚያ ተመልሰው አንድ አጭር የምርጫ ጥያቄ ይሥሩ፤ ከሚያውቁት ርዕስ ይሁን። ከሠሩት ይቀጥሉ። ካልቻሉ ድካም ነውና ይተኙ፤ የቀረውን ከመጠባበቂያው ይቀንሱት።

ደረጃ 7፦ ሞዴል ፈተናውን እንደ ፈተናው ይውሰዱ

ሞዴል ፈተና ሶፋ ላይ በሁለት ምሽት ተከፋፍሎ ከተሠራ ጥያቄ መለማመጃ ነው እንጂ ሞዴል ፈተና አይደለም። በእውነተኛው ሰዓት ይጀምሩ፤ ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ማቋረጥ የለም። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ በወረቀት አይለማመዱ፤ ሰንጠረዡን መሙላትና ቀመር መጻፍ ራሱን የቻለ ክህሎት ነው።

ሰዓቱን ለነጥብ ያካፍሉ። ሦስት ሰዓት 180 ደቂቃ ነው፤ ለ100 ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ይደርሳል። ባለ 20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ አለው ማለት ነው። 36 ደቂቃው ሲያልቅ ጥያቄው ባያልቅም ትተው ይለፉ። መተውን መለማመድ ከሞዴል ፈተና የሚገኝ ትልቁ ጥቅም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለሒሳብ ሰው ያልተዘጋ ነገር ትቶ መሄድ ከባሕርዩ ጋር ይጋጫል።

ይህ በተጠቃለለ የሒሳብ መግለጫ ላይ፣ ማለትም የእናት ኩባንያውና የተቀጥላዎቹ ሒሳብ በአንድ በሚቀርብበት ጥያቄ፣ ሁልጊዜ ይታያል። ሀብቱ በአንድ ወገን፣ ዕዳና ካፒታሉ በሌላ ወገን ተደምሮ አይመጣጠንም። ተፈታኙ ልዩነቱን ማሳደድ ይጀምራል፤ ለሁለት ያካፍለዋል፣ የትኛውን ቁጥር በተሳሳተ ወገን እንደጻፈ ይፈልጋል፣ እጁ ያልበዋል፣ 15 ደቂቃ ይሄዳል። በመሥሪያ ቤት ይህ ትጋት ያስመሰግናል። በፈተና ግን 15 ደቂቃ ማለት ስምንት ነጥብ ነው። በኤሲሲኤ የጽሑፍ ጥያቄዎች ላይ አራሚው ከመጀመሪያ ስህተትዎ የተነሣውን ቁጥር ተከትለው ቀጣዩን አሠራር በትክክል ከሠሩ ለእሱ ነጥብ ይሰጣል፤ ሚዛኑ አለመምጣቱ ብቻውን ጥያቄውን አያጠፋውም። ስሌትዎን በግልጽ አሳይተው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ሌላ ጥያቄ ሲሠሩ ስህተቱ ራሱ ትዝ ይልዎት ይሆናል።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ሳምንትና ዕለቱ

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ርዕስ አይክፈቱ። የስህተት መዝገብዎን ብቻ ይዙሩ። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን መታወቂያዎን፣ የፈተና መግቢያዎንና የተፈቀደውን ካልኩሌተር አንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ የፈተና ጣቢያውን መንገድም አስቀድመው ይዩት። ከቤት ሆነው የሚፈተኑ ከሆነ ኢንተርኔቱንና ካሜራውን በዋዜማው ይሞክሩ።

ጠዋት ላይ ፍርሃቱ ከበረታ ሁለት ነገር ይሞክሩ። ራሚሬዝ እና ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ስለ ፍርሃታቸው የጻፉ ተማሪዎች ውጤታቸው ተሻሽሏል፤ በተለይ ፈተና አብዝተው የሚፈሩት። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ፍርሃትዎን ጽፈው ወረቀቱን ይጣሉት። ሁለተኛው፣ የልብ ምትዎን «ፈርቻለሁ» ብለው ከመተርጎም «ለሥራ ተነሣሥቻለሁ» ማለት ነው። የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳየችው ራስን «ተረጋጋ» ብሎ ከማስገደድ ይህኛው የሒሳብ ጥያቄ ላይ ሳይቀር የተሻለ ውጤት አምጥቷል። የሚመታ ልብን ማስቆም ይከብዳል፤ የሚመታበትን ምክንያት መቀየር ግን ይቻላል።

ወረቀቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ የማያውቁት ከሆነ ዘለውት የሚያውቁትን ይሥሩ።

ደረጃ 9፦ ከፈተናው እስከ ውጤቱ

ከፈተና ክፍል እንደወጡ መልስ አያነጻጽሩ። የሚቀየር ነጥብ የለም፤ ያነጻጸሩት ሰውም ትክክል መሆኑን የሚያውቅ የለም። ኮምፒውተሩ ወዲያው የሚያርማቸው ፈተናዎች አሉ፤ ሌሎቹ ግን ከአንድ ወር በላይ ያስጠብቃሉ። ይህን የጥበቃ ጊዜ የሚያቀለው ሁለቱንም ውጤት አስቀድሞ ማቀድ ነው። ካለፍኩ የሚቀጥለው ፈተና የትኛው ነው? ካላለፍኩ መቼ እመለሳለሁ? የሁለቱንም መልስ ውጤቱ ሳይመጣ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ በደነገጡበት ቀን ትልቅ ውሳኔ አይወሰንም።

ካላለፉ ውጤቱን ሳይሸሹ ይዩት። ለማያልፉ ሰዎች በየርዕሱ የት እንደደከሙ የሚያሳይ ሪፖርት የሚልኩ ተቋማት አሉ፤ ካለ ከስህተት መዝገብዎ ጋር ያስተያዩት። ማለፊያው 50 ሆኖ 46 ያገኘ ሰውና 28 ያገኘ ሰው አንድ ዓይነት ሥራ የለባቸውም። የ46ቱ ዕውቀት አለው፤ የሚያስፈልገው ሰዓት አጠቃቀምና ጥያቄ መሥራት ነው፣ ትምህርቱን ከገጽ አንድ መድገም ጊዜ ማባከን ይሆንበታል። የ28ቱ ግን ወደ ደረጃ 2 ተመልሶ የርዕሶቹን ዝርዝር እንደ አዲስ ይመድብ፤ ለሚቀጥለው ዙር የሚመዘገበውም ሰዓቱ መግጠሙን በቁጥር ካየ በኋላ ይሁን።